ክቡርነታቸው ብለዋል

ሰኞ 2

ይህን ደብተር ልጄ ናት የገዛችልኝ። «እማዬ፣ የቢሮሽን ወሬ ለእሱ አውሪለት። እኔ ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ቆሜ ውዬ ማታ ጆሮዬም ይረፍበት» ብላ። እሺ እንግዲህ፣ ደብተር፣ አንተ እንቅልፍ የለብህም።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት ነፋሱ ጃንጥላዬን ገልብጦ እስከ ጎረቤት አጥር አስሮጠኝ። የቢሯችን ሾፌር የመኪናውን መስኮት በጣት ስፋት ዝቅ አድርጎ፣ «እህት ዓለም፣ ሹመቱንም እንዲህ ሮጠሽ ነው እንዴ ያገኘሽው?» አለኝ። ሰው ሲረጥብ የሚስቅ ሰው አልወድም፤ እሱን ግን ምን ላድርገው፣ እወደዋለሁ።

ሹመት የሚለው ልዩ ረዳትነቴን ነው። በታይፕ ጸሐፊነት ገብቼ፣ አስራ ሁለተኛን በማታ ተምሬ፣ ሚኒስትር ሲመጣ ሚኒስትር ሲሄድ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ቀርቼ፣ በመጨረሻ ጋሼ ሲሾሙ «ይቺ ትሁንልኝ» አሉ። ጋሼ የምለው ክቡር ሚኒስትሩን ነው። ሰው ፊት ክቡርነታቸው፣ እዚህ ጋሼ። የውሃ ሚኒስትር ናቸው፤ ከወረቀት ሳይሆን ከጉድጓድ ቁፋሮ የመጡ የውሃ ሰው።

ዛሬ እንግዶች ነበሩን። ጋሼ በወጣትነታቸው ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው በገመድ የወጡበትን ታሪክ አወሩላቸው። እንግዶቹ ሳቁ። ሻዩ ሳያልቅ ጋሼ ያንኑ ታሪክ ከሥሩ ጀመሩት። እንግዶቹ እንደገና ሳቁ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።

ድካም ነው። ሰባን ያለፈ ሰው ቢደክመው አይፈረድበትም።

ረቡዕ 4

አሠራራችንን ልንገርህ፣ ካላወቅህ ነገሩ አይገባህም።

ጋሼ ሰው ፊት እሺም እንቢም አይሉም። ድሮም አይሉም። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሲጨርስ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ከወለወሉ፣ ይሁን ማለት ነው። አውልቀው ወረቀቱ ላይ ካስቀመጡት፣ አይሆንም። ዝም ብለው ካዩት ደግሞ ይቆይ። ባለጉዳዩን የምሸኘው እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆም እልና «ክቡርነታቸው እንዲህ ብለዋል» እለዋለሁ። ሰውየው መልሱን ይዞ ይሄዳል። እስከዛሬ ስቼ አላውቅም። ብስት ኖሮ በማግስቱ ጠርተው ልክ ያስገቡኝ ነበር። ከጀርባዬ «አፈ ሚኒስትር» ይሉኛል። ከጀርባዬ ቢሉም ጆሮ አለኝ። እውነቱን ለመናገር አይከፋኝም።

ዛሬ የላይኛው ግድብ ኢንጂነር መጣ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ምንጣፉን ላለማቆሸሽ በጫማው ጫፍ ሲራመድ አሳቀኝ። ጉዳዩ ግን አያስቅም። ውሃው ከሌላው ዓመት ቀድሞ እየሞላ ነው አለ። አሁኑኑ በሮቹን ቀስ በቀስ ከፍተን እናስተንፍሰው ይላል። ከተከፈተ ከግድቡ በታች ያለችው መንደር የወንዝ ዳር ማሳዋ ይበላሻል፣ ያውም ሰብሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው። ቤቶቹ ግን ይተርፋሉ። ከታች ሰብል ካለ ያለ ሚኒስትሩ ቃል በር አይከፈትም፣ ደንቡ ነው።

ጋሼ ሁሉንም ሰሙት። መነጽራቸውን አልነኩም። ዝም ብለው አዩት።

ኮሪደሩ ላይ፣ «ይቆይ ብለዋል» አልኩት።

«እስከ መቼ እህቴ?»

«እስኪሉ ድረስ።»

«ውሃው እኮ እስኪሉ አይጠብቅም።»

ይህ እንኳ ለእኔ የሚባል አልነበረም። እኔ ምን አገባኝ፣ መልእክተኛ ነኝ።

ዓርብ 6

ሩጫ። የካቢኔ ስብሰባ። ጋሼ አንድ እግራቸው ላይ ካልሲ ሳያደርጉ መጡ። ሾፌሩ አይቶ ምንም ሳይል መኪናው ውስጥ የራሱን አውልቆ አለበሳቸው፣ ጥንዱን። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ደረጃው ላይ እኔና እሱ ተያየን።  ባዶ እግሩን ጫማ አድርጎ ዋለ ሰውየው።

ማክሰኞ 10

ምነው አፌን ባልከፈትኩ።

እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ከምሳ በኋላ የሚወሰድ ኪኒን ቢሮ ይልካሉ። የማስታውሳቸው እኔ ነኝ። የደም ግፊት ነው ተብዬ ነበር። ዛሬ አለቀና ባዶውን ማሸጊያ ለልጄ ይዤላት ገባሁ፣ ከፋርማሲያቸው እንድታመጣልኝ።

ገልበጥ አድርጋ አየችው። «የማን ነው?»

«የቢሮ ሰው።»

«እማዬ።»

«የቢሮ ሰው አልኩሽ እኮ! ግፊት ያለበት ሰው።»

«ይሄ የግፊት አይደለም። የመርሳት በሽታ ነው። ሰው እየጠፋበት፣ ቀን እየጠፋበት ሲሄድ የሚታዘዝ ነው። ጋሼ ናቸው አይደል? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቅርብ ጊዜ ነው» አልኳት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው። ለምን ቅርብ ጊዜ እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

«ታዲያ እዚያ ቢሮ ውስጥ ማነው የሚወስነው?»

«እሳቸው ናቸዋ!» ብዬ ጮህኩባት። እራቱ ከነድስቱ ቀዘቀዘ። ኋላ በሬን አንኳኩታ «ይቅርታ እማዬ» አለች። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ማን እንደሆነ አውቄ ተኝቻለሁ መስዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እያገላበጥኩ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ያዩትን ሁሉ «ይቆይ» አልኩ። ዝም ያሉት ይቆይ ለማለት ካልነበረስ? የለም፣ አይሆንም። እኔ የጋሼን ፊት ከራሴ ፊት ይልቅ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ 14

እትዬ አስጠሩኝ። ቤታቸው የመንግሥት ነው፣ ትልቅ ሳሎን፣ ወንበሩ ሁሉ ልብስ የለበሰ። ጋሼ ጓሮ ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ። እትዬ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እንዲህ አድርገውኝ አያውቁም።

«አንቺ ልጅ፣ ከክረምቱ በኋላ ካቢኔው ይታደሳል። እስከዚያ ብቻ ነው የምልሽ።»

«እትዬ፣ ሐኪሙስ ምን አሉ?»

«ሐኪም ምን ያውቃል? ዕረፍት ይላል። ካረፈ ከዚህ ቤት እንወጣለን፣ ከዚህ ቤት ከወጣ ደግሞ የምንገባበትን ቤት ሳሎን እንኳ አያውቀውም። እዚህ እንጂ ሌላ ቦታ መንገዱ ይጠፋዋል።» እንባቸው መጣ። «አንቺ እያለሽለት ምን ይሆናል? አንቺ እኮ አፉ ነሽ።»

ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። «ይተዉት እትዬ፣ አለሁ» አልኩ። አለሁ! ማን ጠየቀኝ? ባልልስ ምን ይመጣ ነበር?

ስወጣ ጋሼ በጓሮው በር ብቅ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ መኪና አለሽ? ትረጥቢያለሽ» አሉኝ። ልክ እንደ ድሮው። አየህ? ደህና ናቸው እኮ።

ሰኞ 16

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ጸሐፊዎች እኔ መኖሬን ሳያውቁ፦

«እሷ ጉንፋን ቢይዛት እኮ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል።»

«መዘጋትስ? አገሩ ይጠማል!»

ከሳቃቸው ጋር እስኪወጡ ጠበቅሁ። መስታወቱ ፊት አንገትጌዬን አስተካከልኩ። ትንሽ ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ። ሰው ነኝ።

ማክሰኞ 17

ኢንጂነሩ ደወለ። መንገዱ ተቆርጦ መምጣት አልቻለም። ውሃው ቀዩ የአደጋ መስመር ላይ ደርሷል፣ አሁን እንኳ ቢከፈት ገና ቀስ በቀስ ማስተንፈስ ይቻላል አለ። «እህቴ፣ እርስዎን ማስቸገሬን አውቃለሁ፤ ግን ቃሉን ከራሳቸው ልስማው።»

ትክክል ነው፣ ይስማው። ስልኩን ይዤ ገባሁ፤ ጋሼ ጆሮ ላይ ራሴ አስጠጋሁላቸው።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ ጋሼ፣ ደስ ብሏቸው። «እንዴት ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እሰይ። እሰይ። በርቱ።» ስልኩን መልሰው ሰጡኝ፣ እንደ ጨረሰ ሰው።

በኮሪደሩ ቆሜ መልሼ ያዝኩት። መስመሩ ይንሿሿል።

«ምን ማለታቸው ነው?» አለ ኢንጂነሩ።

እዚህ ላይ ነበር። እዚህ ላይ «አልገባቸውም» ብል ይበቃ ነበር። ሦስት ሰው አለፈ በአጠገቤ፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«ይቆይ ማለታቸው ነው» አልኩ።

«"በርቱ" ይቆይ ማለት ነው?»

«እኔ አውቃቸዋለሁ ወንድሜ።»

 ከዚያ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» አለ። እርስዎ ካሉ። እኔ መቼ አልኩ? እኔ አላልኩም። ስለ ግድብ በርና ስለ ማሳ ምኑን አውቄ? የመንደሪቱ ሰው እህሉን አጥቶ ቢራብስ? ሰብሉን ካጨደ በኋላ ቢከፈት አይሻልም? ጋሼም ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ይሉ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ሐሙስ 19

ዛሬ ቆረጥኩ። ለምክትሉ ልነግረው ገባሁ። መቀስ ነው የምንለው፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስለሚቆርጥ።

«ክቡር ምክትል ሚኒስትር፣ ስለ ክቡርነታቸው ጤና...»

«እናውቃለን።»

እኔ ከአፌ ሳላወጣው! ቆሜ ቀረሁ።

«ምን እንደሆነ ነው የሚያውቁት?»

«እናታችን፣ ተቀመጪ። ሁሉም ያውቃል። ከላይም ያውቃሉ። ክረምቱ እስኪወጣ ሌላ ሰው መሾም ሌላ ራስ ምታት ነው። እሳቸው ስም አላቸው፣ ሕዝብ ይወዳቸዋል። አንቺ ደግሞ ቃል አለሽ። ምን ጎደለ?»

«የግድቡ ጉዳይ አለ። እርስዎ ይወስኑት፣ እባክዎ። ኢንጂነሩ...»

«እኔ?» ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፣ ውሸት ምን ያደርጋል። «እኔ ብከፍተው የገበሬው እህል በእኔ ስም ይሄዳል። ባልከፍተውና አንድ ነገር ቢሆን እሱም በእኔ ስም። እሳቸው አሉ አይደል? ጠይቂያቸው። የሚሉትን ንገሪው።»

«ምንም አይሉም እኮ!»

«ታዲያ እስከዛሬ ማን ሲል ነበር?»

 በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ፣ «ካንቺ የተሻለ ማን ይናገርላቸዋል?» አለ፣ እንደ ሙገሳ አድርጎ።

ሾፌሩ ወደ ቤት ሲወስደኝ በመስታወቱ አይቶኝ፣ «ምነው ፊትሽ?» አለ። ነገርኩት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። ያንቺ ደግሞ ሳትሾሚ ነው የምትሻሪው» አለ። ሳቅን። ከዚያ አልሳቅንም።

ሰኞ 23

ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ።

ጋሼ ጠዋት ስገባ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አሉኝ። በትህትና፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ረዳትዎ ነኝ ጋሼ» ስል ይቅርታ ጠየቁኝ። ወጥቼ ወረቀቶች ያገላበጥኩ መስዬ ቆየሁ። እኔ በእናቴ ቀብር ዕለት እንኳ ቢሮ የገባሁ ሴት ነኝ፣ እሳቸው ስብሰባ ነበረባቸውና። ማንን ፈልገሽ ነው።

ኢንጂነሩ ዛሬም ደወለ። ስብሰባ ላይ ናቸው አልኩት። የትም አልነበሩም፣ መስኮቱ ጋ ነበሩ።

ሐሙስ 26

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ካልተነበበልህ ተወው።

ከምሳ በፊት ኢንጂነሩ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር፤ አይጮህም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ውሃው ከግንቡ አናት ሊፈስ ነው፤ ከፈሰሰ ግንቡ አይችለውም፤ ግንቡ ከሄደ መንደሪቱም ከታች ያለችውም ከተማ አይቀሩም። ቀስ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። አሁን ሁሉንም በር ባንድ ላይ መክፈት ነው፤ ማሳ ብቻ ሳይሆን ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶችም ይሄዳሉ። ሰው ደግሞ ቀድሞ መውጣት አለበት። «የሚቆጠር ሰዓት ነው ያለን እህቴ። ቃል ስጡኝ።»

መቀስ ጋ ሮጥኩ። ጸሐፊዋ «ለሥራ ወጥተዋል» አለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል! ኮቱን ትቶ የት ነው የሄደው? ከእኛ በላይ ወዳለው ቢሮ ደወልኩ፤ «ጉዳዩ የሚኒስትሩ ነው፣ ሚኒስትራችሁን ጠይቁ» ብለው ዘጉብኝ።

ጋሼ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው።

«ጋሼ፣ ግድቡ ሞልቷል። ከታች ሰው አለ። ይከፈት?»

መስኮቱን ያያሉ።

«ጋሼ፣ በሞትኩት! አንድ ቃል።»

«ዝናብ ነው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ። ዝናብ ነው።»

«ልጆቹስ?» ድንገት ፊታቸው ተጨነቀ። «ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጧቸው እንጂ። ይረጥባሉ እኮ። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ልጆቻቸው የልጅ ልጅ አድርሰዋል።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ስልኩን አነሳሁ። «ክቡርነታቸው ሰውን አውጡ ብለዋል። ክፈቱ ብለዋል።»

«በራሳቸው አንደበት?»

«በራሳቸው አንደበት።»

ስልኩ ተዘጋ። እዚያው የእንግዳ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ውሸት አልነበረም። ልጆቹን አምጡ አላሉም? ውሸት አልነበረም።

ቅዳሜ 28

ግንቡ ቆሟል። ከተማዋ ተርፋለች። የወንዝ ዳር ቤቶች በሙሉ ሄደዋል፣ ማሳው ሄዷል። ሰዉ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ሰው ሞቷል። ሽማግሌ ናቸው። ወጥተው ነበር፤ የታሰረች ፍየል ልፍታ ብለው ተመለሱ። ውሃው እንደ ግድግዳ መጣ ይላሉ። ቀስ ብሎ ቢመጣ ኖሮ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ተራምደው ይወጡ ነበር። ይህን ያለው ኢንጂነሩ ነው። ሊወቅሰኝ አይደለም ያለው፤ እያለቀሰ ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ ነበር። ይሄኛው አላሳሳቀም።

ራዲዮው ደግሞ፣ «ክቡር ሚኒስትሩ በሰጡት ቆራጥና ወቅታዊ ውሳኔ...» ልጄ አጠፋችው። አላየችኝም፣ አላናገረችኝም። እራት አቀረበችልኝ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ፣ እንደ እንግዳ።

በዚያ ረቡዕ «ይሁን ብለዋል» ብል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ግን ጋሼ አላሉማ። ይቆይስ ብለው ነበር? እሱንም አላሉ። ታዲያ ለምን አንዷን ለማለት አፌ ሲያያዝ ሌላይቱ እንደ ውሃ ፈሰሰችልኝ? ይቆይ የሚል ሰው ተጠይቆ አያውቅም፣ ለዚያ ነው? የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ነው፣ ልተኛ።

ሐሙስ 3

ካቢኔው ታደሰ። ጋሼ በነበሩበት። እትዬ ደውለው «ታድገሽናል» አሉኝ፣ እልልታ በቀረው ድምፅ።

መቀስ ጋ ገባሁ። ጡረታ ልውጣ አልኩት። አፌ ላይ ብዙ ቀን ያመላለስኩት ነው፣ ሳይቆርጠኝ ጨረስኩት።

«እናታችን ደክሟታል» አለ። «ዕረፍት ትፈልጊያለሽ? አንድ ሳምንት ውሰጂ።»

«ዕረፍት አይደለም። ልሂድ ነው ያልኩት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንደ ወንድም። «አንቺ ስትሄጂ አዲስ ሰው ይመጣል። አዲስ ሰው ይጠይቃል። ግድቡ ለምን ዘገየ ይላል። ማን ነው ይቆይ ያለው ይላል። ኢንጂነሩ ማን ብሎ ይመልሳል? ሚኒስትሩ አይልም፤ ከእሳቸው የሰማው እኮ "ልጆቹ ደህና ናቸው" ብቻ ነው።»

ይህን ለማን ነግሬ ነበር? ለማንም። ኮሪደሩ ነው የነገረው።

«እርስዎም ያውቁ ነበር» አልኩ።

«ምኑን?» አለ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ እስከ በሩ ሸኘኝ። «የመንደሪቱ ሰዎች ሰኞ ሊያመሰግኑ ይመጣሉ። ቴሌቪዥን አለ። ጋሼሽን አሳምሪያቸው።»

ሾፌሩ መኪናውን አስነስቶ ወዴት ሲለኝ ቤት አልኩት። ትንሽ ሄድን። «ወዴት አልሽ?» አለ እንደገና። የሰማኝ መስሎኝ ነበር። ምናልባት ሰምቶኝ ነው፤ ምናልባት ሌላ ቦታ እንድል ዕድል እየሰጠኝ ነው። ሌላ ቦታ አልመጣልኝም።

ሰኞ 7

ጋሼን አሳመርኳቸው። ሰማያዊ ሱፍ፣ ፀጉራቸውን በእጄ አበጠርኩት። «ሰርግ ነው?» አሉኝ። «እንግዶች ናቸው ጋሼ።» «እሰይ» አሉ።

ሰዎቹ ገቡ። የተዋሰው ኮት ያስታውቃል፣ እጅጌው ይረዝማል ወይም ያጥራል። መሬቱ ሁሉ ጭቃ ስለሆነ በራፉ ላይ እግራቸውን ሲጠርጉ ብዙ ቆዩ። ወኪላቸው ሽማግሌ ተነስተው ጋሼን መረቁ፣ ነፍስ አዳኝ አሉ። ካሜራው ዞረ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ክቡርነታቸው በመምጣታችሁ ደስ ብሏቸዋል» አልኩ። ተጨበጨበ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ተነሳች። ጥቁር ለብሳለች፣ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። መቀስ «ለሌላ ጊዜ፣ ጊዜ የለንም» ማለት ሲጀምር ቀድማ ጀምራ ነበር፤ ይቺ ደግሞ አትቆረጥም።

«እኔ አመስግኚ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ አመሰግናለሁ። ካምፕ ሰጥታችሁናል፣ ብርድ ልብስ ሰጥታችሁናል። ግን ኢንጂነሩ ገና ውሃው ሳይበዛ ክፈቱ ብሎ ነበር ይባላል። ያኔ ቢከፈት እህሌ ይሄድ ነበር፤ ይሂድ፣ እህል ይዘራል። አባቴ ግን ይኖር ነበር። ማነው ይቆይ ያለው? ለምን አለ? እሱን ብቻ ንገሩኝና ልሂድ።»

 ካሜራ የያዘው ልጅ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። መቀስ ጣሪያ አየ። ሴትዮዋ ጋሼን ታያለች። ጋሼ ደግሞ ዞረው እኔን አዩኝ፣ በዚያ በማውቀው ዓይን፣ ምን እንደሚሉ እንድነግራቸው የሚጠብቁ ይመስል። ሰው ሁሉ እሳቸውን ተከትሎ እኔን አየ።

ደብተር፣ ልለው ነበር። ከንፈሬ ላይ ነበር። «እኔ» ብዬ መጀመር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ይቺ ቃል እንዲህ እንደምትከብድ አላውቅም ነበር። ጋሼ ጣታቸውን እጅጌዬ ጫፍ ላይ አሳረፉ፣ ሕዝብ መሀል እናቱ እንዳትጠፋበት እንደሚይዝ ልጅ።

«ክቡርነታቸው በጣም አዝነዋል» አልኩ። «ይቅርታም ጠይቀዋል።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ያምር ነበር። ከኋላ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሽማግሌው «ይበቃል፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አሉ።

ሴትዮዋ አልተቀመጠችም። ጋሼን ማየት ትታለች።

«እሳቸው ጠየቁ፣ እሺ» አለች። «አንቺስ?»

መቀስ «ሻይ ይግባ!» አለ። በሩ ተከፈተ፣ ትሪው ገባ፣ ሰው ተንቀሳቀሰ። ትሪውን ከልጅቷ እጅ ተቀብዬ ማንንም ሳላስቀድም በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። አጠገቧ ስደርስ ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም፤ ትጠብቃለች።

ስኳር ስንት ላድርግልሽ አልኳት።